ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቆምኩ፤ ለሩጫ የሚጸና ልብ ከየት ይገኛል?

የሰሚቱ ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የሂሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ "መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ወራት እንሞክር፤ ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ" አለኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ የሩጫ ጫማ ገዛሁ፤ በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ከሰሚት ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ።

ጊዜው ጥቅምት ነበር። አንድም ቀን ሳላጎድል በየቀኑ ሮጥኩ። ስልኬ ሰዓቱን ይይዝልኛል፤ የትናንቱን ካላሻሻልኩ ቀኑ የተበላሸ ይመስለኝ ነበር። ከ46 ደቂቃ ተነስቼ 37 ደቂቃ ገባሁ። በ18ኛው ቀን የቀኝ ጉልበቴ በውጭ በኩል ወጋኝ። አንድ ሳምንት አረፍኩ። ሳምንቱ ሲያልቅ ጉልበቴ ድኗል፤ በዚያ ጧት ግን ዝናብ ነበርና አልተነሳሁም። ያ ሳምንት አሥር ወር ሆነ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነበር። ተመዘገብኩ፣ ሁለት ወር ተዘጋጀሁ፣ አሥሩን ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ጨረስኩ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ በሕይወቴ ጥቂት ነው። እሑድ ሮጥኩ፤ ሰኞ አልተነሳሁም፤ ማክሰኞም አልተነሳሁም። ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ፣ ገና አለፈ፣ ዓቢይ ጾም ተከተለ። ለካ ሲቀሰቅሰኝ የነበረው ውድድሩ ነው፤ እሱ ሲያልቅ እኔም አለቅሁ።

አሁን ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ሦስተኛዬን ይዣለሁ፤ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ያንኑ ስሜት አውቀዋለሁ፤ እየመጣ ነው። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ የሚያነቃቁ ንግግሮችን አዳምጣለሁ፤ ልቤ ይሞቃል፣ ነገ እስኪነጋ ይናፍቀኛል። 11 ሰዓት ላይ ማንቂያው ሲጮህ ያ ሁሉ ሙቀት የለም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቁርስ ላይ "አባዬ፣ ዛሬም አልሄድክም?" አለችኝ። ይህችን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ተሸክሜያት ዋልኩ።

ለዓመታት ሳታቋርጡ የምትሮጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ጧት ጧት የሚያስነሳችሁ ምንድን ነው? አብሯችሁ የተወለደ ነገር ነው ወይስ ይገነባል? የሚገነባ ከሆነ ከየት እንደሚጀመር አሳዩኝ።

የቀድሞ አምስት ሺህ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰነፍ አይደለህም። 17 ቀን በተከታታይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ወኔ አይጎድለውም። ያንተ ጣጣ ሌላ ነው፤ በየቀኑ ስትወዳደር ነው የከረምከው።

እኔ ዘጠኝ ዓመት በክለብ ሮጫለሁ፤ አምስት ሺህና አሥር ሺህ ሜትር። አሁን ደብረ ብርሃን የስፖርት መምህር ነኝ፤ ጧት ጧት ሃያ የሚሆኑ ልጆች አሠለጥናለሁ። ልጆች ልምምድ ሲተዉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ የተዉት ስላልቻሉ አልነበረም። ሰውነታቸው ጧትን መፍራት ስለጀመረ ነው። ሰውነት የደረሰበትን አይረሳም። ትናንት ጉሮሮህ ደም ደም እስኪልህ የሮጥክበትን መንገድ ዛሬ በጨለማ ተነስተህ ድገመው ስትለው እምቢ ይላል። አንተ ለዚያ እምቢታ ስንፍና የሚል ስም አወጣህለት።

ክለብ የገባሁ ጊዜ እኔም እንዳንተ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ጫካ ወሰዱን። ከፊቴ የቆሙት ስማቸውን በሬዲዮ ስሰማቸው ያደግኩ ሯጮች ናቸው፤ ዛሬ ነፍሴ ትወጣለች ብዬ ጫማዬን አጥብቄ አሰርኩ። ሩጫው ሲጀመር አንድ መስመር ሠርተን፣ እያንዳንዳችን የፊተኛውን ተረከዝ እያየን፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዝን ነበር የምንሄደው። ገበያ የሚሄድ መንገደኛ የሚቀድመን ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ ፈጀ። እነዚያ ሰዎች በውድድር ቀን ኪሎ ሜትሩን ከሦስት ደቂቃ በታች የሚጨርሱ ናቸው! የሚሰማው ከእግራችን በታች የደረቀ ቅጠል ሲሰበር ብቻ ነበር። ትዕግሥቴ አልቆ ከመስመሩ ወጥቼ ልቀድም ስል መሪው ወደ ኋላ ሳይዞር እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ተመለስኩ። ልምምዱ ሲያልቅ አሰልጣኙ ጠራኝና "ቀላል ያልኩህ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ጉልበትህን ለሐሙስ አስቀምጠው" አለኝ። ሐሙስ ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ወጣን። እነዚያው ቀርፋፋ ሰዎች ጥለውኝ ሲሄዱ ጀርባቸውን ለማየት እንኳ ብዙ አልቆየሁም።

ይህንን ያነሳሁልህ ፍጥነት ለማስተማር አይደለም። እነዚያ ሰዎች አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሰለቻቸው የሮጡት በሳምንት ውስጥ የሚበዛው ሩጫቸው የማያስፈራ ስለነበረ ነው። አንድ ቀን ጫካ፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን ዳገት፣ አንድ ቀን አስፋልት። እግርም ዓይንም አይሰለችም። አንተ ደግሞ አንድ መንገድ፣ አንድ ርቀት፣ አንድ ሰዓት ይዘህ ከትናንቱ ራስህ ጋር በየቀኑ ተያያዝክ። ማን ይችለዋል?

ጉልበትህም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሽህ "ጨምር" ሲልህ ጅማትህ ገና "ቆየኝ" እያለ ነበር። ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው እዚያ ሳምንት ላይ ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሰባት ቀን ይቅርና በሳምንት አራት ቀን ውጣ። ሦስቱን ቀን ስልክህን ቤት ተወው፤ አጠገብህ ላለ ሰው ተረት ብትነግረው ቃል ሳይቆራረጥብህ መጨረስ በምትችልበት ፍጥነት ሩጥ። ዳገት ሲመጣ በእርምጃ ውጣው፤ አያሳፍርም። ያለህበት ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ቀጭን ነው፣ ላንተ ብሎ አይወፍርም። በአራተኛው ቀን ብቻ ሰዓት ያዝ፣ ፍጠን፣ ልብህ ደስ ይበላት።

ማታ ስለምታዳምጠው ንግግር እውነቱን ልንገርህ። ወኔ የጭድ እሳት ነው። ሲነድ ቤቱን ያበራል፤ ሌሊቱን አያድርም። ማታ ያነደድከውን ጧት ብትፈልገው አመድ ነው የምታገኘው። ባዳመጥክበት ግማሽ ሰዓት ብትተኛ ይሻልሃል፤ አንድ ሰው ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደተኛ ነው።

እኔ ልጆቼን የማሠለጥንበት አንድ ደንብ አለኝ፤ "እስከ ድልድዩ" እንለዋለን። ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ሳሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ጧት 12 ሰዓት ሜዳው ላይ ስንገናኝ ልጆቹ ጣታቸውን በብብታቸው ሥር ይዘው ነው የሚቆሙት። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አለች፤ አራት ኪሎ ሜትር በእግሯ መጥታ "ጋሼ፣ ዛሬ አልችልም" ትለኛለች። አልቆጣትም፤ ንግግርም አላደርግላትም። "እሺ፣ እስከ ድልድዩ ሂጂና ንገሪኝ" እላታለሁ። ድልድዩ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ደርሳ አሁንም ካልቻለች ትመለሳለች፤ ቀረች ብዬ አልመዘግባትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከድልድዩ የተመለሰችው ሦስት ጊዜ ነው። አንደኛው ቀን ታይፎይድ ይዟት ነበር፤ መመለሷ ትክክል ነበር። በሌላው ቀን ሁሉ ድልድዩ ጋ ስትደርስ እጇ ሞቋል፤ እጇን ከብብቷ ስታወጣ ከሩቅ አያታለሁ፤ ያኔ እንደምትቀጥል አውቃለሁ።

አንተ ፍላጎቱ መጥቶ እንዲያስነሳህ አልጋ ላይ ትጠብቀዋለህ። እሱ ግን ድልድዩ ጋ ነው የሚጠብቅህ። ሰፈርህ ውስጥ ድልድይህን ፈልግ፤ ሱቅ ይሁን፣ የታክሲ ማዞሪያ ይሁን። ለራስህ የምትገባው ቃል እስከዚያ ድረስ ብቻ ይሁን። እዚያ ደርሰህ መመለስ ስትፈልግ ደግሞ በእውነት ተመለስ፤ ራስህን አታታል። አንዴ ካታለልከው ሁለተኛ አያምንህም።

ደብተርም ያዝ። ሰዓት አትጻፍበት። የሠራኸውን፣ እንዴት እንደተኛህ፣ ምን እንደተሰማህ በአንድ መስመር አስቀምጥ። የእኔ ደብተሮች አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። ልቤ በወደቀ ጊዜ የማነበው የሌላ ሰው ንግግር ሳይሆን "ዝናብ፣ 12 ኪሎ ሜትር፣ ቀላል" የምትለዋን የገዛ እጄን ጽሑፍ ነበር። እሷን ማንም ሊያስተባብልብኝ አይችልም።

ከውድድሩ በኋላ ስለመጣብህ ባዶነት ደግሞ፣ ያንተ ብቻ አይምሰልህ፤ ትልልቆቹንም ያገኛቸዋል። የሕዳሩን ውድድር ብቻ ይዘህ ከሮጥክ ሕዳር ሲያልቅ መንገዱም ያልቃል። ታምራት ቶላን ተመልከተው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተተካ፤ በዚያ ዳገታማ መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቅ ወሰደ። በተጠራበት ቀን ልምምድ የሚጀምር ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያች አጭር ጊዜ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? እንደማይሰለፍ እያወቀ ማልዶ የወጣባቸውን ቀናት ነው እኔ የማስበው።

ነርሷ እናት፦

ወንድሜ፣ ጋሼ የጻፉት ላይ ብዙ የምጨምረው የለኝም፤ ግን እኔን ከአልጋ የሚያወርደኝ ሌላ ነገር ስለሆነ ልንገርዎት።

ሦስት ሴቶች ነን። እኔ ነርስ ነኝ፤ አንዷ ሱቅ አላት፤ አንዷ መምህርት ናት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጧት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ እንገናኛለን። እንደ እቁብ ያለ ነገር ሠርተናል። በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር እናስቀምጣለን፤ ሳትናገር የቀረች ሌላ መቶ ትጨምራለች። ሕመምና የሌሊት ተረኝነት ይቅርታ አላቸው፤ ዝናብ የለውም። በስድስት ወር አንዴ ዕጣ እናወጣለን፤ የደረሳት ጫማ ትገዛበታለች። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ማንቂያው ሲጮህ ሁለት ሰዎች በጨለማ ቆመው በር በሩን ሲያዩ በዓይነ ኅሊናዬ ይታዩኛል። ለራሴ ብሆን ብዙ ጧት እቀር ነበር። እነሱን አቁሜ ማስጠበቅ ግን አልችልም።

ሁለተኛው፣ ከራስዎ ጋር የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ይመልከቱ። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ በስምንተኛው ወር ወደ ደረጃው ስመለስ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ድሮ ሳልቆም ሃያ ጊዜ እመላለስበት ነበር። "አለቀልሽ፣ ወፍረሻል፣ ከእንግዲህ አይሆንልሽም" እያልኩ ነበር። ጓደኛዬ አጠገቤ ቁጭ አለችና "ትናንት ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው መጀመሪያ ከአልጋ ስታስነሺው እንደዚህ ነው የምትይው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። እውነት ነው፤ ለታማሚዬ "ዛሬ እስከ መስኮቱ፣ ነገ እስከ በሩ" ነው የምለው። እስከ መስኮቱ ሲደርስ በርታ እለዋለሁ፤ ደስታዬም የእውነት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ለታማሚ የማልናገረውን ቃል ለራሴ አልናገርም። ቀና አስተሳሰብ የሚሉት ነገር ለእኔ ይኼው ነው። ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ ወልዳ ተመልሳ ነው በ2000 ሲድኒ ላይ አሥር ሺህ ሜትሩን ደግማ የወሰደችው። እሷም አንድ ቀን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምራለች እያልኩ ተጽናናሁ።

ስለ ጾሙም ላንሳልዎት፤ የቆሙት በጾም ወቅት ነውና። በዓቢይ ጾም እኔ ርቀቱን በግማሽ እቀንሳለሁ፤ ሩጫውንም ምግብ ወደምቀምስበት ሰዓት አስጠጋዋለሁ። አንዳንድ ቀን በእርምጃ ብቻ ነው። ግን መገናኘታችን አይቀርም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከመቅረት ሃምሳ አምስት ቀን መቀነስ ይሻላል። ግፊትዎን ደግሞ በየጊዜው ይለኩ፤ መድኃኒት ታዝዞልዎት ከሆነ "እየሮጥኩ ነው" ብለው በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ።

ልጅዎንም ቅዳሜ ይዘዋት ይውጡ። የጠየቀችዎት ልትከስዎት አይመስለኝም።

የሱሉልታው፦

ጋሼ፣ ያነሱት የጫካው ሩጫ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ እኛም እየተከታተልን እንሮጣለን። የእኔ ጥያቄ ግን ከወንድማችን ይለያል። 21 ዓመቴ ነው። ሱሉልታ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ለጤና የሚሮጥ ሰው ዛሬ ቢቀር ነገ አለው። እኔን አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ። ዘንድሮ ክለቤ ውሌን አላደሰልኝም። ልምምድ አላጎደልኩም፤ ቀላሉን ቀላል፣ ከባዱን ከባድ አድርጌ ሮጫለሁ። የአምስት ሺህ ሰዓቴ ግን ከአምናው በአራት ሰከንድ ብቻ ነው የተሻሻለው። ማታ ክፍላችን ውስጥ ስለ ሩጫ ማውራት አቁመናል። እንደኔ ላለ ሰው "ቀና አስብ" ሲባል ምን ማለት ነው?

የቀድሞ አምስት ሺህ፦

ልጄ፣ ያንተ ከባድ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም።

ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በአሥር ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። በ1976 የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ሲቀሩ ኢትዮጵያም ቀረች፤ እሱም አልሮጠም። በ1980 ሞስኮ ላይ አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም አሸነፈ። ስምንት ዓመት ነው። ይህንን የማነሳው "ታገስ፣ ወርቁ ይመጣል" ልልህ አይደለም። ስምንት ዓመት ታግሠው ባዶ እጃቸውን አገራቸው የገቡ ልጆችን በስም አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። የሞንትሪያሉ ውሳኔ በምሩፅ እጅ አልነበረም። በማግስቱ ልምምድ መውጣትና አለመውጣት ግን በእጁ ነበር። የውልህ መታደስም በእጅህ አልነበረም። በእጅህ ያለውን ለይተህ ቁጠረው፤ ሌላውን በየማታው ይዘኸው አትተኛ።

አራት ሰከንድ ብቻ አልክ። በአንተ ፍጥነት አራት ሰከንድ ከሃያ ሜትር በላይ ነው። አምና የነበርከውን ልጅ ዘንድሮ ሃያ ሜትር ከኋላህ ጥለኸው ነው የገባኸው። አሰልጣኝህ ይህንን አልነገረህ ከሆነ እኔ ልንገርህ።

ርቀትህንም መርምር። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ረጅሙን ልምምድ ከሌሎቹ ይልቅ ሳትደክም የምትጨርስ ከሆነ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ግን የሚቀድሙህ ከሆነ፣ ምናልባት የጎዳና ሩጫ ሰው ነህ። ከአሰልጣኝህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ሕይወት። የተረከዜ ጅማት ሲበጠስ 27 ዓመቴ ነበር። ከሩጫ ሌላ የማውቀው አልነበረም፤ ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ነው የተውኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማ እግሬ ውስጥ አላስገባሁም፤ ስታዲየም በር ላይ እንኳ አላልፍም ነበር። በኋላ በማታ ትምህርት ጨርሼ መምህር ሆንኩ። ዛሬ የሚቆጨኝ ሜዳሊያው አይደለም፤ የሚቆጨኝ እየሮጥኩ አለመማሬ ነው። ከሰዓት በኋላ ተኝተህ የምታሳልፈው ጊዜ አለ፤ ዕረፍቱን አትንካ፣ ግን አንድ ሰዓት ተኩልን ለትምህርት አድርገው። ሌላ እንጀራ ያለው ሰው መነሻ መስመር ላይ ሲቆም ትከሻው ይላላል። እንጀራው በሙሉ በዚያች ሩጫ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ዙር ጥርሱን ነክሶ ነው የሚሮጠው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው የሮጥኩት፤ ጉዳቱን በፎቶግራፎቼ ላይ አየዋለሁ።

ቀነ ገደብም አውጣ። ሁለት ዓመት በል፤ ከአሰልጣኝህና ከአባትህ ጋር ተማከርበት፤ በደብተርህ ጻፈው። እስከዚያ ድረስ "ልተወው ወይስ ልቀጥል?" የሚለውን ጥያቄ በየማታው አትክፈተው፤ ተወስኗል። ጥያቄው ራሱ ከልምምዱ በላይ ያደክማል። ደብረ ብርሃን በኩል የምታልፍ ከሆነ ና፤ ልጆቹ እንዳንተ ካለ ሰው ጋር ቢሮጡ ደስታቸው ነው፤ ቤታችንም ገንፎ አይጠፋም።

የሰሚቱ ጀማሪ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልስ ለመስጠት ሦስት ሳምንት የቆየሁት መጀመሪያ ልሞክረው ብዬ ነው።

ጋሼ፣ ድልድዬ የታክሲ ማዞሪያው ሆኗል። ከበራችን ሰባት መቶ ሜትር ይሆናል። እስካሁን አንድ ቀን ተመልሻለሁ፤ ጉንፋን ነበረብኝ። ስልኬን ትቼ በወጣሁበት የመጀመሪያው ቀን በጣም ተቸገርኩ፤ እጄ ኪሴን ይፈልግ ነበር። አሁን መንገዱን እያየሁት ነው። ጎሮ ሳልደርስ በስተግራ በኩል አንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ አለ፤ ሁለት ዓመት በሥሩ ሳልፍ አላየሁትም።

እህቴ፣ ቅዳሜ ልጄን ይዣት ወጣሁ። እስከ ማዞሪያውና ከዚያም አልፋ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከእኔ ጋር ሮጠች። መንገዱን ሙሉ ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራልኝ ነበር፤ እኔም ሳልቆራረጥ እመልስላት ነበር። ጋሼ ያሉት ፍጥነት የትኛው እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እንደ እናንተ የሚጠብቀኝ ሰው ፈለግሁ። ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ወታደር አሉ፤ ስድስት ዓመት በደረጃው ስንተላለፍ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ሰኞ ማታ በራቸውን አንኳኩቼ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "በስንት ሰዓት?" አሉኝ። 11 ሰዓት ተኩል ተባባልን።

ዛሬ ጧት ከባድ ዝናብ ነበር። በመስኮት አየሁትና እንደ ድሮው ልተኛ አልኩ። ግን ስልካቸውን አልያዝኩም፤ ቀርቻለሁ ብዬ የምነግርበት መንገድ አልነበረኝም። ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩ። ሰውዬው የጥበቃው ቤት ክፈፍ ሥር ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጫማቸው የድሮ የሸራ ጫማ ነው። መሮጥ አልሞከርንም፤ በጭቃው ዳር ዳር በእርምጃ እስከ ወይራው ሄደን ተመለስን። ስንመለስ ሐሙስም እንደሚመጡ ነገሩኝ።

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ "ዝናብ። አምስት ኪሎ ሜትር፣ በእርምጃ፣ ሁለት ሆነን። የሰባት ሰዓት እንቅልፍ።"